ክፍት ኮድ፣ የተቆለፈ ስልክ

በ2004 ዓ.ም. ክረምት አክስቴ ከቨርጂኒያ ስትመጣ አንድ ስልክ ይዛልኝ መጣች። አንድሮይድ 2.3 የተጫነበት፣ ከስክሪኑ ሥር ተንሸራትቶ የሚወጣ ኪቦርድ ያለው፣ በዚያን ጊዜ እጄ ይገባል ብዬ ያላሰብኩት ስልክ ነበር። መጀመሪያ ሲም ካርዴን አልቀበልም አለኝ፤ የሸጠው የአሜሪካ የስልክ ድርጅት በራሱ ኔትወርክ ላይ ብቻ እንዲሠራ ቆልፎት ነበርና። ከውጭ ስልክ የተላከለት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር ስለሆነ ብዙም አልተጨነቅኩም። መርካቶ ይዤው ሄድኩ፤ የጥገና ባለሙያው ዲኮድ አደረገልኝ፤ በዚያው ምሽት አባቴ ከደብረ ማርቆስ የጻፉልኝ የመጀመሪያ መልእክት ገባ።

መልእክቱ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሣጥን ነበር። አባቴ የአማርኛ ፊደል ያለው ተራ ስልክ ነበራቸው፤ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ደግሞ አይሆንላቸውም፣ አይወዱትምም። በአማርኛ የተጻፈ አንድ አጭር መልእክት 70 ፊደል ብቻ ስለሚይዝ ቃላቸውን መጥነው ነው የሚጽፉት። እኔ ግን የደረሰኝ ረድፍ ረድፍ ሣጥን ብቻ ነው። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት እያየሁ የቃላቱን ርዝመት ቆጠርኩ። የመጀመሪያው ቃል አምስት ሣጥን ስለነበረ «እንደምን» መሆን አለበት ብዬ ገመትኩ።

ነገሩን ሳጣራ የገረመኝ የጎደለው ነገር ማነሱ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ፊደላት ሁሉ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው መስፈርት 3.0 ቅጂ ውስጥ ስለገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ስልኬም ቁጥሮቹን አንድ ሳያጓድል ተቀብሏል። የጠፋው ቁጥሮቹን ወደሚነበብ ቅርጽ የሚለውጠው ፎንት፣ ማለትም አንድ ፋይል ብቻ ነበር። ፋይሉ ደግሞ ብርቅ አይደለም፤ አቢሲኒካን የመሰለ ውብ የግዕዝ ፎንት በነፃ ይገኛል፣ ፈቃዱም ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ይፈቅዳል። የአንድሮይድ ምንጭ ኮድም፣ ማለትም ፕሮግራመሮች የጻፉት መነሻ ጽሑፍ፣ ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። ከሥሩ ያለው የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የስርዓቱ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ ሶፍትዌሩን የሚያሰራጭ ሁሉ ኮዱንም እንዲያቀርብ በሚያዝ ጂፒኤል በተባለ ፈቃድ የሚተዳደር በመሆኑ የስልኩ አምራች የከርነሉን ኮድ በድረ ገጹ ላይ አስቀምጦት ነበር፤ አውርጄ አይቼዋለሁ። ይህ ሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ አንድን ፋይል አንድ ማኅደር ውስጥ ማስቀመጥ አልቻልኩም። የስርዓቱ ፎንቶች የሚቀመጡበት ክፍል ለስልኩ ባለቤት ለንባብ እንጂ ለመጻፍ የተፈቀደ አልነበረምና።

ወደዚያው ባለሙያ ተመለስኩ። ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ፣ የስርዓቱን ከፍተኛ ሥልጣን የሚሰጥ አንድ ክፍተት ፈልጎ፣ ፎንቱን በቦታው አኖረ፤ ከዚያም ስልኩን ሳያጠፋ የላይኛውን የስርዓት ክፍል ብቻ ዳግም አስነሣው። ስክሪኑ ሲበራ የአባቴ መልእክት በአማርኛ ወጣ። የመጀመሪያው ቃል «እንደምን» ሳይሆን «ስልክህን» ነበር። ባለሙያውም እኔም ደስ ብሎን ተለያየን። ሌሊት ባትሪው አለቀ፤ ጠዋት ቻርጅ አድርጌ ሳበራው ሣጥኖቹ ተመልሰው መጡ። ሦስት ጊዜ ሞከርን፣ ሦስቱንም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ አምራቹ የስርዓቱን ክፍል ከሃርድዌሩ ደረጃ ጀምሮ ከመጻፍ ጠብቆት ስለነበር፣ ያኖርነው ፋይል ቋሚው ማከማቻ ላይ ሳይደርስ ጊዜያዊው ማኅደረ ትውስታ ላይ ብቻ ይቆይና ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ስለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ያለኝ አቋም የተቀረጸው በዚያ ሳምንት ነው። ኮዱን ማንበብ መቻል ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ያነበብኩትንና ያሻሻልኩትን ኮድ በገንዘብ በተገዛው ዕቃዬ ላይ ማስኬድ ካልቻልኩ፣ ክፍትነቱ ለእኔ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከሚለው አያልፍም። ኮዱ የሕዝብ ነው፣ ዕቃው የእኔ ነው፣ ኮዱን ዕቃው ላይ የሚያሳድረው ቁልፍ ግን ያለው ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

ቁልፉ ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ስልኩ ሲመረት በዋናው ቺፕ ውስጥ የአምራቹ ቁልፍ አሻራ ይቀረጻል፤ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ አይለወጥም። ስልኩ ሲበራ ቺፑ መጀመሪያ የሚነሣውን ፕሮግራም፣ ማለትም ቡትሎደሩን፣ ዲጂታል ፊርማውን ይመረምራል። ቡትሎደሩ ደግሞ የከርነሉን ፊርማ ይመረምራል፣ ከርነሉም የቀረውን ስርዓት። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንዲት ባይት ብትለወጥ ፊርማው አይገጥምም፤ ስልኩም አልነሣም ይላል። ፊርማውን ማኖር የሚችለው ምሥጢራዊውን ቁልፍ የያዘው አምራቹ ብቻ ነው። እንግዲህ የከርነሉን ኮድ አውርጄ፣ አንድ መስመር አስተካክዬ፣ በትክክል ብገነባው እንኳ በእጄ ያለው ስልክ ፊርማ የሌለው ባዕድ አድርጎ ይመልሰዋል።

በዚህ አሠራር ላይ የክፍት ኮዱ ዓለም መከራከር የጀመረው በስልክ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1999 ገበያ ላይ የዋለው ቲቮ የቴሌቪዥን ፕሮግራም በሃርድ ዲስክ ላይ የሚቀዳ፣ በሊኑክስ የሚሠራ መሣሪያ ነበር። ኩባንያው ጂፒኤል ያዘዘውን አድርጓል፤ ያሻሻለውን የከርነል ኮድ ለሚፈልግ ሁሉ አቅርቧል። መሣሪያው ግን ፊርማ የሌለውን ከርነል እንዳይቀበል ተደርጎ ተሠራ። የፈቃዱ ፊደል ተከብሯል፣ ፈቃዱ የተጻፈበት ምክንያት ግን ፈርሷል። የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራች ሪቻርድ ስቶልማን ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ስም ያወጣው ከመሣሪያው ስም ወስዶ «ቲቮአይዜሽን» በማለት ነው። ሰኔ 1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የጂፒኤል ሁለተኛ ቅጂ ይህን ሊያስብ አይችልም ነበር፤ በዚያን ዘመን ፕሮግራም ማለት በኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነገር ነበርና፣ ኮምፒውተሩም ባለቤቱ የጫነበትን ሁሉ ይቀበል ነበር።

ሦስተኛው ቅጂ ሰኔ 29 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለዚህ መልስ ይዞ መጣ። ለግል፣ ለቤተሰብ ወይም ለቤት አገልግሎት የሚውል ዕቃ ከነሶፍትዌሩ የሚሸጥ ሰው ኮዱን ብቻ ሳይሆን የተሻሻለውን ኮድ በዚያው ዕቃ ላይ ለመጫን የሚያስፈልገውን መረጃ፣ ቁልፍም ቢሆን፣ እንዲያስረክብ ያዛል። አንቀጹ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ ሶፍትዌሩ አምራቹ ራሱ እንኳ ሊቀይረው በማይችል ሁኔታ ዕቃው ውስጥ ተቀርጾ ከሆነ ግዴታው አይኖርም። ይህን አንቀጽ ሳነብ ሁልጊዜ ፍትሐዊነቱ ይታየኛል፤ አምራቹ ለራሱ ያስቀረውን ሥልጣን ለገዢው እንዲያካፍል ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ግን አልተቀበለውም፤ ከርነሉ እስከ ዛሬ በሁለተኛው ቅጂ ሥር ነው። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። «እኔ የሰጠሁህ ኮድ ነው፣ በምላሹም የምጠይቅህ ያሻሻልከውን ኮድ ነው፣ ሃርድዌርህን እንዴት እንደምትሠራ ማዘዝ የእኔ ድርሻ አይደለም» የሚል ነው ጭብጡ። ለሥራው ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ በከርነሉ ሁላችንም በየቀኑ እንጠቀማለንና። በዚህ ጉዳይ ግን አልስማማም። «ሃርድዌርህ» የተባለው ዕቃ ከሱቅ ወጥቶ ዋጋው ከተከፈለበት ሰዓት ጀምሮ የአምራቹ አይደለም። የአክስቴ ደሞዝ የተከፈለበት ስልክ የእኔ ሃርድዌር ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው አምራቹ በራሱ ዕቃ ምን ያድርግ የሚል ሳይሆን በእኔ ዕቃ ምን ያድርግ የሚል ነው።

ኩባንያዎቹም አዲሱን አንቀጽ እንደ እሳት ሸሹት። ለዚህ ጥሩ ምልክት የሚሆነው ባሽ የተባለው የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም ነው፤ ፈቃዱ ወደ ሦስተኛው ጂፒኤል ከተቀየረ በኋላ አፕል በኮምፒውተሮቹ ላይ የድሮውን 3.2 ቅጂ ይዞ ዓመታት ተቀመጠ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ዋናውን ቦታ ዚኤስኤች ለተባለ ሌላ ፕሮግራም ሰጠው። በአንድሮይድም ከከርነሉ በላይ ያለው ክፍል በአብዛኛው አፓቺ በተባለው፣ ምንም እንዲመለስ በማይጠይቅ ፈቃድ የተለቀቀ ነው። ስለዚህ የ2007ቱ አንቀጽ በኪሳችን ያለውን ስልክ አይነካውም ማለት ይቻላል፤ ይህን ስጽፍ ቅር ይለኛል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ዕቃው ባይቆለፍ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ለሚጠይቅ የምጠቅሰው ስልክ ሳይሆን ራውተር ነው። ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ደብሊውአርቲ54ጂ የተባለ፣ ፊቱ ሰማያዊ፣ ሁለት አንቴና ያለው የቤት ራውተር ገበያ ላይ አዋለ። በዓመቱ ኩባንያው በሲስኮ ተገዛ። ፕሮግራመሮች ሶፍትዌሩን ሲመረምሩት ውስጡ ሊኑክስ ሆኖ አገኙት፤ ኮዱ ግን አልተለቀቀም ነበር። ፈቃዱን ጠቅሰው ጠየቁ፣ ገፉ፣ በ2003 ኮዱ ተለቀቀ። ራውተሩ የአምራቹን ፊርማ የሚጠይቅ ስላልነበረ የተለቀቀው ኮድ ለንባብ ብቻ አልቀረም። በጥር 2004 እ.ኤ.አ. ለራውተር ነፃ ሶፍትዌር የሚሠራው ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው ፕሮጀክት በዚሁ ኮድ ላይ ተጀመረ።

ከዚያ በኋላ በዚያች ትንሽ ሣጥን ላይ ሰዎች የሠሩት ብዙ ነው። በኢንተርኔት ከሚደረግ የስልክ ጥሪ ጋር የሚሻማን ዳውንሎድ የሚያስታግስ፣ በሩቅ ካለ ቢሮ ጋር በምሥጢራዊ መስመር የሚያገናኝ፣ ከጎረቤት ራውተሮች ጋር ተያይዞ ለሰፈር የጋራ ኔትወርክ የሚሆን ሶፍትዌር ተጻፈላት፤ በበርሊን የፍራይፉንክ በጎ ፈቃደኞች ከተማቸው ውስጥ ጣሪያ ለጣሪያ ኔትወርክ የዘረጉት እነዚህንም ራውተሮች እየተጠቀሙ ነው። ራውተሩ ግን ሥራ ላይ የነበረው ማኅደረ ትውስታ 16 ሜጋባይት ብቻ ነበር። በ2005 አምስተኛው ቅጂ ሲወጣ ኩባንያው ሊኑክስን ትቶ ቪኤክስወርክስ የተባለ ዝግ ስርዓት አስገባበት፣ ማኅደረ ትውስታውንም በግማሽ ቀነሰው። ፈላጊው ግን ስላልጠፋ አሮጌውን ሊኑክስ የሚቀበለውን ሃርድዌር ስሙ ላይ «ኤል» ጨምሮ ለብቻው መሸጥ ጀመረ፤ ያ ራውተርም ለዓመታት ከገበያ አልጠፋም። እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምለው አለኝ፤ አምራቹ ራሱ ዕቃውን ክፍት አድርጎ ሸጦ አተረፈ እንጂ አልከሰረም።

ለመቆለፍ የሚቀርበው ጠንካራው ምክንያት ደኅንነት ነው፤ ቀልድም አይደለም። የተሰረቀ ስልክ ላይ ሌባው የፈለገውን ስርዓት ጭኖ የባለቤቱን ፎቶና የባንክ መረጃ እንዳያገኝ፣ አጥቂም ስልክ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣ ተንኮለኛ ፕሮግራም እንዳይደብቅ የፊርማው ሰንሰለት ይጠብቃል። በስልካችን ገንዘብ የምናንቀሳቅስ ሰዎች በዚህ ልንቀልድ አንችልም። ነገር ግን በሩ መቆለፉና ቁልፉ ማን ጋር እንዳለ ሁለት ጉዳዮች ናቸው። ቤቴ ሌባ እንዳይገባበት መቆለፉን እፈልገዋለሁ፤ ቁልፉ ግን የአናጢው ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ይህ የሚቻል መሆኑን የጉግል ፒክስል ስልኮች ያሳያሉ። ባለቤቱ ቡትሎደሩን ከፍቶ፣ ግራፊን ኦኤስን የመሰለ ሌላ ስርዓት ጭኖ፣ የዚያን ስርዓት ቁልፍ ስልኩ ላይ አስመዝግቦ፣ መልሶ ሊቆልፈው ይችላል። ሲከፈት በውስጡ ያለው መረጃ ሁሉ ስለሚጠፋ ሌባው ከመክፈቱ የሚያገኘው ነገር የለም። ሰንሰለቱ እንዳለ ነው፤ የተለወጠው የሚያምነው ቁልፍ ነው። ከዚህ በኋላ አምራቾች «ለደኅንነታችሁ ስንል» ሲሉኝ፣ ታዲያ ይህኛው መንገድ ለምን አልተመረጠም ብዬ እጠይቃለሁ።

ይህም ሆኖ ስልኩን የከፈተ ሰው ሌላ ግድግዳ ይጠብቀዋል። የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎች ብዙዎቹ ስልኩ በአምራቹ ፊርማ የተነሣ መሆኑን ይጠይቃሉ፤ ካልሆነ አይሠሩም። ሶፍትዌርህን የመለወጥ መብት አለህ፣ ከለወጥክ ግን ገንዘብህን አታይም እንደማለት ነው።

ጉዳዩ እኛ አገር ከባድ የሚሆነው ስልክ ብዙ እጅ ስለሚያልፍ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ስልክ ከአክስት ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ታናሽ ወንድሜ፣ ከእሱ ወደ ገጠር ዘመድ ይሄዳል። አምራቹ አዲስ የደኅንነት ማሻሻያ መላክ ያቆመው ምናልባት ገና ሁለተኛው እጅ ላይ እያለ ነው። ቡትሎደሩ የሚከፈት ስልክ ከሆነ፣ በታኅሣሥ 2016 እ.ኤ.አ. ሳያኖጅንሞድ የተባለው የአንድሮይድ ልዩ ቅጂ ሲዘጋ እሱን ተክቶ የተወለደው ሊኒጅ ኦኤስ ሕይወቱን ያራዝምለታል፤ አምራቹ የተዋቸውን ስልኮች በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት አዲስ አንድሮይድ ሲያስኬዱባቸው ቆይተዋል። የማይከፈት ከሆነ ግን ስክሪኑ ደኅና፣ ባትሪው ደኅና ሆኖ በየወሩ የሚገኙትን ክፍተቶች ተሸክሞ ይኖራል። የመርካቶ ባለሙያዎች ማዘርቦርድ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ መስመር በብየዳ ይቀጥላሉ። እጃቸው የማይደርስበት አንድ ነገር ቢኖር ያ ፊርማ ነው።

የአሜሪካ ሕግም ነገሩን በግማሽ ልብ ነው የያዘው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ የቴክኒክ ቁልፍን መስበር ይከለክላል፤ በየሦስት ዓመቱ ግን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አንዳንድ ነገሮችን ከክልከላው ያወጣል። በ2010 የራስን ስልክ ከፍቶ ሌላ ፕሮግራም መጫን ተፈቀደ። አክስቴ ያመጣችውን ዓይነት ስልክ ከኔትወርክ ቁልፍ ማላቀቅ ደግሞ በጥር 2013 ለአዳዲስ ስልኮች ሕገ ወጥ ሆኖ፣ ከሕዝብ ቅሬታ በኋላ በነሐሴ 2014 በወጣ ሕግ ተመለሰ። መርካቶ በደቂቃዎች የሚሠራው ሥራ ዋሽንግተን ላይ ዓመት ከመንፈቅ አከራክሯል።

አሁን በጉጉት የምከታተለው በካሊፎርኒያ የተከፈተውን ክስ ነው። ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ቪዚዮ የተባለውን የቴሌቪዥን አምራች ከሰሰ። አዲስ ያደረገው ከሳሹ የኮዱ ደራሲ ሆኖ አለመቅረቡ ነው፤ ቴሌቪዥኑን እንደገዛ ተራ ሸማች ቀርቦ፣ ጂፒኤል የገባው ቃል ለእኔም የተገባ ነው፣ ኮዱን ስጡኝ አለ። አምራቹ ጉዳዩን የቅጂ መብት ነው ብሎ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቢወስደውም፣ ዳኛዋ በግንቦት 2022 ወደ ክፍለ ሀገሩ ፍርድ ቤት መለሱት፤ የገዢው ጥያቄ እንደ ውል ሊታይ የሚችል ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው በማለት። ኮዱን የመጠየቅ መብት የፕሮግራመሮች ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ገዝቶ ሳሎኑ ያስቀመጠ ሰው መብት ነው ከተባለ፣ ስለ ቁልፉ የምንጠይቀውም ሰዎች የምንቆምበት መሬት ይኖረናል።

ያ የአክስቴ ስልክ አሁንም አለኝ። አባቴ ሣጥን ሣጥን ሆኖ እንደሚደርሰኝ ብነግራቸውም መጻፋቸውን አላቆሙም ነበር፤ እኔም በደረሰ ቁጥር እየደወልኩ ምን እንደጻፉ እጠይቃለሁ፣ አንዳንዴም ሳልጠይቅ ይቀራል። ባለፈው ወር መልእክቶቹን በሙሉ ወደ ላፕቶፔ ገለበጥኳቸው። ፋይሉን ስከፍተው አንድም ፊደል አልጎደለም፤ ለዓመታት በስልኩ ውስጥ በትክክል ተቀምጠው ነበር። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ እናቴ ዓይን ሕክምና፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት የተጻፉ አሉ፤ አብዛኞቹን በስልክ ነግረውኛል። ስለ አንዱ ግን ደውዬ አልጠየቅኳቸውም ነበር። «ስልክህ አማርኛ ማንበብ ጀመረ ወይ?» ይላል።